አሥራ ሦስተኛውን ወር ከደጅ የመለሰ ሌንጮ

በዘመነ ማርቆስ፣ በሦስተኛው ቨርዥን መንግሥት፣ ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በዕለተ ዓርብ፣ ሩዋንዳ ሰፈር በሚገኘው ቢሮ፣ ሲናገር አጠገቡ ያለው እንኳ «ምን አልክ?» ለሚለው ለትሑቱ ሌንጮ ወልደ ደቻሳ የታግ ማኅተም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠው።

የማኅተሙም ነገር እንዲህ ነው፤ የክሊኒኮች ቀጠሮ መያዣ አፕ በታደሰ ቁጥር፣ ሁሉም በጋራ በሚጽፍበት የኮድ ጎተራ ላይ የአዲሱ ቨርዥን ስም ይታተማል፤ ጎተራው አሮጌ ነውና ማኅተሙ እያንዳንዱን ፋይል ሳይነካ አያልፍም፤ እስኪጨርስም ማንም ምንም አያስገባም። አለቃው አቶ ገብረዋሕድም፣ «ከተበላሸ ማኅተሙን እወስዳለሁ፤ ዳግመኛም አልሰጥም!» ብለው አወጁ።

ሌንጮም ወንበር ላይ ወጥቶ አወጀ፦ «የሰማህ፣ ጆሮውን በኢርፎን ለደፈነው አሰማ! ጎተራው ተዘግቷል! አንዲት መስመር ያስገባ ከእኔ ጋር ምሳ አይበላም!»

ሠራዊቱም እጁን ሰበሰበ፤ ከሰሚት የታክሲ ሰልፍ ድል ነሥታ የመጣችው ስሕተት አዳኟ ሄሊና፣ ሻርጀሩን ለማንም የማያውሰው ሞሲሳ፣ የቀን መቁጠሪያው ጠባቂ ደሪቱ። ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም ርኁብ፤ በዚያ ቤት ሥርዓት ግን አንዱ ከቀረ ሌላው በያይነቱ አይቆርስም።

ወእምድኅረ ዝንቱ ማኅተሙ አለቀ፤ ሄሊናም አፑን ብትከፍት ከነሐሴ ሠላሳ ማግስት መስከረም አንድ ሆኖ አገኘችው። ጳጉሜን የለችም! በጳጉሜን የተቀጠረ በሽተኛ ሁሉ ከክሊኒክ ደጅ ሊመለስ ነው።

ደሪቱም በታላቅ ድምፅ፣ «ጳጉሜንን ጠዋት ሠርቻታለሁ! ላስገባት ስል አንተ ወንበር ላይ ወጣህ፤ አዋጅ አይጣስም ብዬ ይዣት ቁጭ አልኩ!» አለች።

ሌንጮም ወሩን ደጅ ያስቀረው የገዛ አዋጁ እንደሆነ አወቀ። ሞሲሳ፣ «ጳጉሜን ትግባና ማኅተሙን ቀስ አድርገህ ወደ አዲሱ አዙረው፤ ማን ያያል!» ሲል መከረ። ነገር ግን የጉርድ ሾላው ክሊኒክ የፊተኛውን ቨርዥን አስቀድሞ ወስዶ ነበርና፣ አንድ ስም ለሁለት ቢሰጥ ጳጉሜን ማን ዘንድ እንዳለች፣ ማን ዘንድ እንደሌለች የሚያውቅ አይኖርም።

ስለዚህ ሌንጮ እንደገና ወንበር ላይ ወጣ፤ አቶ ገብረዋሕድ በራቸው ላይ ቆመው እያዩም እንዲህ አወጀ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው! የፊተኛው ባለበት ይቅር፤ ደሪቱ፣ አስገቢ! ለአዲሱ አዲስ ስም አትማለሁ፤ ጎተራውም ዳግመኛ ይዘጋል። እናንተ ግን ሂዱ፣ ብሉ!»

ሞሲሳም፣ «ሽሮው አልቆ ብናገኘው አንተን በአዋዜ ነው የምንበላህ፤ ጾሙ በአንተ ይፈታል!» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። አንድም የሄደ የለም።

ሁለተኛው ማኅተም ሲያልቅ ወደ ምግብ ቤቱ ወረዱ፤ አስተናጋጇም ከሩቅ አይታቸው፣ «ጎመን ብቻ ነው የቀረው!» ስትል አወጀች። ጎመኑንም በሉ። ከአቶ ገብረዋሕድ ዘንድም በስልክ መልእክት መጣ፦ «የሚቀጥለውም ማኅተም ያንተ ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን ይሁን።»

የጉርድ ሾላው ክሊኒክም አዲሱን ቨርዥን ወሰደ፤ በጳጉሜንም በሽተኞቹ በየቀናቸው ገቡ፤ አንዳቸውም የሌንጮን ስም አልሰሙም። እኛ ግን እንላለን፦ ሌሎች አገር አስገበሩ፤ እርሱ የጠፋን ወር ከነአምስት ቀኑ መለሰ። ክብር ለሌንጮ ወልደ ደቻሳ፣ የጓዶቹን ሽሮ ከፍሎ ጳጉሜንን ለዋጀ!