እናቴ የፈተለችው ቀሚስ

ሴት ስትወልድ የሚለወጠው እንቅልፏ ብቻ ነው ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ወይ ወንድ ነው፣ ወይ ከወለደ በኋላ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አያውቅም። እኔ ከፍቼዋለሁ። ከፍቼ ቆሜ፣ እዚያ ውስጥ የተሰቀለው ልብስ በሙሉ የሌላ ሰው መስሎኝ፣ ባለቤቲቱ መጥታ «ምን ትነካኪያለሽ» እንዳትለኝ ዞር ብዬ በሩን አይቻለሁ። ያቺ ጂንስ ሱሪ በየት በኩል ትገባልኝ ነበር? ያ ለሥራ የምወደው ሸሚዝስ፣ ቁልፉና ቀዳዳው እንዲህ የተኳረፉት መቼ ነው? ልብስ እንደ ዘመድ ነው መሰለኝ፣ ጥቂት ወር ካልተጠያየቃችሁ አያውቃችሁም።

አገሩ ደግሞ አያግዝም። ጅማ ውስጥ ሰላምታ የሚጀመረው ከኪሎ ነው። አራስ ሆናችሁ ገና እስከ ግቢው በር ብቅ ስትሉ፣ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ጎረቤታችሁ «ማሻ አላህ፣ ወፈር አልሽ፣ አማረብሽ» ብላ ጉንጫችሁን አገላብጣ ትስማለች። ከልቧ ነው፣ ምርቃት ነው። እሷ ሳትርቅ የመሥሪያ ቤት ጓደኛችሁ ከባጃጅ ወርዳ ከላይ እስከ ታች ታያችሁና «ውይ የኔ ቆንጆ፣ ጂም ጀምሪ እንጂ» ትላለች። እሷም ከልቧ ነው። ሁለቱን ሰምታ ወደ ቤቷ የገባች ሴት ትብላ ትተው ግራ ይገባታል። ወንዶቹን ግን ማንም አይነካቸውም። ባለቤቴ ሰለሞን አራስ ቤት በከረምኩበት ጊዜ ገንፎዬን እየተሻማ ቀበቶውን አላልቷል፤ የተባለው ነገር ቢኖር «ትዳር ተስማማው» ነው።

የእኔ ጣጣ ግን ጂንሱም ሸሚዙም አልነበረም። አንድ ቀሚስ ነበር።

እናቴ ጥጡን ራሷ ዳምጣ፣ ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ አሠርታ፣ ለሠርጌ መልስ ያለበሰችኝ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ክረምቱን ሙሉ እንዝርቷን ስታሾር እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬን እየነካካሁ «ገበያው ሞልቶ የለም እንዴ፣ ምን አደከመሽ» እላት ነበር። «ገበያው አንቺን አያውቅሽም» ትለኛለች። ከሠርጌ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ማርገዜን እንኳ ሳትሰማ አረፈች። ሴት ልጅ ስወልድ ለራሴ አንድ ነገር ቃል ገባሁ፤ ልጄን ክርስትና በማስነሳበት ቀን ያንን ቀሚስ እለብሳለሁ። እናቴ በሌለችበት ቀን ቢያንስ የእጇ ሥራ ይገኝ ብዬ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ገና ብዙ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ከአማቴ ከእማማ ታደሉ ጋር ላስተዋውቃችሁ። የሰለሞን እናት ናቸው፤ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የሸቤ ሰው። እኔ ስወልድ የቡና ለቀማው ወቅት ነበር፤ እሳቸው ግን ቀዩን ቡና ለለቃሚ ጥለው፣ ማርና ቅቤ አስጭነው፣ ዶሮዎቻቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው መጡ። እናት ስለሌለኝ የእናቴን ቦታ ሊሸፍኑ ነው የመጡት። ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ ሲገቡ ከፊታቸው አይቼዋለሁ። እዚህ አካባቢ የአማት ስም የሚመዘነው በአራሷ ጉንጭ ነው። አራስ ለክርስትናው ቀጥና ከወጣች፣ የምትታማው እሷ ሳትሆን ያረሰቻት ሴት ናት፤ ወሬውም እስከሚቀጥለው ለቀማ ድረስ በሸቤ ገበያ ይዞራል። ስለዚህ እማማ ታደሉ ማንኪያውን ሞልተው ወደ አፌ እያስጠጉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ኛዱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ብይ ልጄ» ሲሉ ይውላሉ።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። እሳቸው ለክርስትናው ወፍሬ እንድወጣ ይፈልጋሉ፤ እኔ ለክርስትናው ቀጥኜ ቀሚሴ ውስጥ እንድገባ እፈልጋለሁ። ሁለታችንም የምንሠራው በአንድ ሰውነት ላይ ነው።

አንድ ጠዋት እማማ ገበያ ሲሄዱ ቀሚሱን አውጥቼ ሞከርኩት። ጭንቅላቴ አለፈ፣ እጆቼ አለፉ፣ ደረቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች ስለው አይሄድም፤ ወደ ላይ ስለው አይመለስም። ሁለት እጄ እንደተሰቀለ፣ ፊቴ በነጭ ሸማ እንደተሸፈነ ሰለሞንን ጠራሁት።

«ልጎትተው?» አለኝ።

«እንዳትጎትት፣ ይቀደዳል።»

«ታዲያ ከጎኑ ትንሽ ልቅደድልሽና...»

በሸማው ውስጥ ሆኜ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። ሲጨንቀው ልጅቷን አንስቶ ያባብል ጀመር፤ የተኛችውን ልጅ። እማማ ታደሉ ዘንቢላቸውን ይዘው የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ምን ሆንሽ ብለው እንኳ አልጠየቁም። «ትንፋሽሽን አስወጪ» አሉኝና ጫፉን ይዘው፣ የበሰለ ቡና ከገለባው እንደሚፈለቀቅ ቀስ አድርገው አወጡኝ። ከዚያ ቀሚሱን አጣጥፈው አልጋው ላይ አስቀመጡና ገንፎ ሊያገነፉ ሄዱ።

እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ መብላት አቆምኩ። አቆምኩ ስል በይፋ አይደለም፤ ገንፎው ሲመጣ እቀበላለሁ፣ እሳቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ ሳህኑ ወደ ሰለሞን ይሄዳል፣ እሱም ለትዳሩ ሲል ይበላል። ወገቤን በመቀነት ጠፍሬ አስሬ እቀመጣለሁ። ወገቤ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ጡቴ ነው። ልጅቷ ትጠባለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። እማማ አንድ ሁለት ቀን አዩኝና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቺን መሰለሽ እንዴ የማበላው?» አሉኝ። «እሷን እኮ ነው።»

አለቀስኩ። ስለ ቀሚሱም ስለ እናቴም ነገርኳቸው። ናፍቃኛለች አልኳቸው፤ በዚያ ቀን ብቻዬን መቆም አልፈልግም አልኳቸው። እማማ ታደሉ እንባዬን በመዳፋቸው ጠረጉልኝ። ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቀሚሱን በፌስታል አደረጉና «ተነሽ፣ ሄርማታ እንሄዳለን» አሉ። አራስ ከደጅ አትወጣም፣ ብርድ ይመታታል ብለው መስኮት የሚዘጉብኝ ሴት ራሳቸው ባጃጅ አስቆሙ።

ሄርማታ ገበያ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ጋሽ ጀማል የሚባሉ ልብስ ሰፊ አሉ። ቀሚሱን ገልብጠው አዩት፣ እኔን ደግሞ አዩኝ፣ እንደገና ቀሚሱን አዩትና «ወላሂ፣ ይኼ ሳይቆረጥ አይሆንም» አሉ። እኔ ደግሞ መቀስ አይነካውም አልኩ። ያለ መቀስ ልብስ ሰፊ ምን ሊሠራ ነው አሉ። ተከራከርን። በመጨረሻ እማማ ታደሉ መሃል ገብተው አስታረቁን፦ የግራና የቀኝ ጎኑ ስፌት ብቻ ይተርተር፣ ክፍተቱ በሌላ ነጭ ሸማ ይሞላ፣ የነጩ መለያየት በነጠላ ይሸፈን። የእናቴ ጨርቅ አይቆረጥም።

ልክ ሲወሰድ ጋሽ ጀማል ጨዋ ሰው ናቸውና ሜትሩን ለእማማ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እማማ ይለካሉ፣ ይጠራሉ፤ እሳቸው የባጃጁን ግርግር እያዩ ይጽፋሉ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ፤ ሁሉም ሁለት ሁለቴ ተለካ። ሲያልቅ ሦስታችንም በሥራችን ኮርተን ተለያየን። ቀሚሱ ተሠርቶ ሲመጣም ልክክ አለ። ወፍሬም አማረብኝ፤ እማማም ስማቸው ተረፈ፣ እኔም እናቴን አገኘሁ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የክርስትናው ዕለት በጨለማ ተነሥተን ቤተ ክርስቲያን ደረስን። እዚህ ላይ ልማዱን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ሕፃን ክርስትና ስትነሳ ትቆርባለች፤ እስክትቆርብ ደግሞ ትጾማለች። ለእሷ ጾም ማለት ጡት ማጣት ነው። ስለዚህ ልጄ ስትጠመቅ አለቀሰች፣ ማተቧ ሲታሰርላት አለቀሰች፣ ቅዳሴው ሲረዝም አምርራ አለቀሰች፣ ቆርባ ጠበሏን ስትቀምስ ግን ለአፍታ ዝም ብላ አየችን። አሁንስ ትሰጡኛላችሁ አይደል የምትል ትመስል ነበር። እኔም ከክርስትና እናቷ ተቀብዬ ወደ ውጭ ይዣት ወጣሁና ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሉኝ። እጄን ወደ ደረቴ ላክሁ።

ቁልፍ የለውም። ዚፕ የለውም። አንገቱ ዝግ ነው፣ ጥለቱ ከአንገቴ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ደረቱ በጋሽ ጀማል ጥበብ ልክክ ብሏል። ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ የሰለሞንን ሸሚዝ ለብሼ፣ አንድ ቁልፍ ፈትቼ ነበር የማጠባት፤ ስለዚህ ለእኔም ለእማማም ትዝ አላለንም። ሦስት ሰው ቀሚስ ሲያሰፋ ለአራተኛዋ ማንም ልክ አልወሰደላትም።

ከአንገቱ በኩል ሞከርን፣ አልሆነም። ከታች ገልቤ እንዳላወጣው ያለሁት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ልጅቷ ድምፅዋ እየሻከረ መጣ፤ ወተቱ ለቅሶዋን ሰምቶ በራሱ ይፈስ ጀመር፣ የእናቴ ጥለት ረጠበ። የክርስትና እናቷ የማተቡን ክር የቆረጠችበትን ትንሽ መቀስ ከቦርሳዋ አወጣችና ለእማማ ታደሉ ሰጠቻቸው። እማማ ተቀበሉት፣ ወደ አንገቴ አስጠጉት፣ ከዚያ እጃቸውን መለሱ።

«እኔ አልነካውም» አሉ። «የእናትሽ ነው።»

ልጄን አየኋት። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ አፏን ከፍታ በእናቴ ፈትል ላይ ትፈልጋለች፣ ጨርቁን ትጠባለች። «ስጡኝ» አልኩ። መቀሱን ተቀብዬ ከአንገቴ ጀምሬ፣ ከጥለቱ ጎን ለጎን፣ ወደ ታች ቆረጥኩት። የተቆረጠው ሸማ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ልጅቷ ያዘች፤ ዝም አለች። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ልቅሶ ነው ሳቅ ነው አላውቅም፣ ብቻ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ፣ ቀደድኩት እኮ» አልኳቸው።

እማማ ታደሉ ነጠላቸውን በደረቴ ላይ እያለበሱ «እናትሽ ብትሆን እስካሁን ሳትቀደው የምትቆይ መስሎሽ ነው?» አሉኝ።

በሳምንቱ ቀሚሱን ይዤ ጋሽ ጀማል ዘንድ ሄድኩ። የተቀደደውን አይተው ራሳቸውን ያዙ፣ ተቆጡ፣ ከዚያ ማሰብ ጀመሩ። ጥለቱን ትንሽ አስጠግተው ከሥሩ የማይታይ ዚፕ ከተቱበት። ጥሩ ስለሆነ ቁም ሳጥኔን በሙሉ ዘርግፌ ወሰድኩላቸው፤ የሚሰፋው ሰፋ፣ ደረቱ የሚከፈተው ተከፈተ፣ ጂንሷን ግን በሰላም ለእህቴ አሰናበትኳት። አሁን ሄርማታ ብትወርዱ ያ ባለ ዚፕ ቀሚስ ስም ወጥቶለታል፤ «የክርስትና ቀሚስ» ይባላል፤ እርጉዞች ከሸቤ ድረስ እየመጡ ያሰፋሉ። ጋሽ ጀማል ከየት አመጡት ሲባሉ ጢማቸውን እያሻሹ «አስቤበት ነው» ይላሉ። እኔ አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ከእማማ ታደሉ ጋር በዚያ ስናልፍ አንዲት እርጉዝ ከእናቷ ጋር ቆማ ታስለካለች። እናቷ ሜትሩን ይዛ ደረቷን እየዞረች ትለካታለች፣ እየተነታረኩ ይሳሳቃሉ። ቆሜ አየኋቸው። ቀናሁ፤ አልዋሻችሁም። እማማ ልጄን ታቅፈው አጠገቤ ቆመው ነበርና ወዴት እንደማይ አዩ። ከዚያ ወደ በረንዳው ጠጋ ብለው፣ ጋሽ ጀማል እየሰሙ፣ ለእርጉዟ እናት እንዲህ አሏት፦

«ይኼን መጀመሪያ የቀደድነው እኛ ነን።»

«እኛ» ሲሉ ስንት ሰው እንደቆጠሩ አልጠየቅኳቸውም። ልጄን ተቀበልኳቸውና ወደ ባጃጁ ሄድን።