ቅባት በየት ዞሮ ልጅ ጋ ይደርሳል

ሰው እግዚአብሔርን የሚፈራውን ያህል ጎረቤቱን ባይፈራ ኖሮ አገራችን ምን ትመስል ነበር እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ። እግዚአብሔርስ ይምራል፤ ጎረቤት ግን አይረሳም። እናንተም ብትሆኑ፣ በጾም ቀን ለልጃችሁ የጠበሳችሁት እንቁላል ጨው ይነሰው አይነሰው ስትቀምሱ መጀመሪያ የምታዩት ሰማዩን ሳይሆን በሩን ነው። አልፈርድባችሁም።

ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ከማሰለችባቸው ነገሮች አንዱ የእናት ጡት ወተት ነው። በወተቱ ውስጥ ያለው የቅባት መጠን ብዙም ባይለዋወጥ፣ የቅባቱ ዓይነት ግን እናትየው የበላችውን ይከተላል፤ የሕፃን አንጎል የሚገነባባቸው ፋቲ አሲድ የሚባሉት ነገሮች ከእናት ማዕድ ተነሥተው በጡት በኩል ይሻገራሉ። ይህን ስናገር ድምፄ ሞቅ ይላል። የራሴ ልጅ እስክትወለድ ድረስ ግን ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ትርንጎ እንደ አገሩ ወግ የበኩር ልጃችንን የወለደችው ቡሬ ገጠር፣ እናቷ ቤት ነው። ሁዳዴ ቢገባም አራስ ነበረችና ገንፎዋ በቅቤ ይዋኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠይቃት የተረፋትን ወደ ጓዳ የምመልሰው እኔ ነበርሁ፤ ጓዳ ስደርስ ግን ሳህኑ ላይ የሚተርፍ አልነበረም። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ ትርንጎም በማግስቱ ጾም ያዘች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከዚያም በኋላ ሽሮና ጎመን ነው። ብዙ ሳይቆይ ጉንጯ ጎደለ፣ ስትነሣ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ልጅቱ ጡቱን ስባ ስባ ታለቅሳለች፤ ጤና ኬላው ሚዛን ላይ ስትወጣም ክብደቷ ካለፈው ፈቀቅ አላለም። ፈራሁ።

ትርንጎን ብይ ብዬ ብለምናት ብለምናት አልሰማ ስትለኝ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድሁ። አባ ከእርሻ ተመልሰው እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። ስለ ቅባት፣ ስለ አንጎል፣ ስለ ተልባና ስለ እንቁላል አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኋቸው። ታግሠው ከሰሙኝ በኋላ፣

«የአዋጁን በጆሮ ትነግረኛለህ እንዴ ልጄ? እኔኮ ገና በክርስትናው ዕለት፣ የምታጠባ ናትና አትጹም ብያለሁ» አሉኝ።

ተመልሼ ትርንጎን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «በእናቴ ፊት እንዴት ብዬ ቅቤ እበላለሁ? እሷ ሁላችንንም እያጠባች ነው የጾመችው» አለች። አማቴን እማማ የዝናን ጓሮ አገኘኋቸው። አማትና አማች አንቱ የምንባባል ሰዎች ነንና በአክብሮት ጠየቅኋቸው።

«ብይ ብላት፣ እናቴ ናቀችኝ፣ ጾሙን አትችይም አለችኝ ብላ እንዳታዝንብኝ ነው እንጂ፣ እንቁላሉንስ አስቀምጬላት ነበር መምህር» አሉኝ።

እንግዲህ ቄሱ ፈቅደው፣ እናትና ልጅ እየተሳቀቁ፣ ዕዳውን የምትከፍለው አፍ ያልፈታችው ሆነች።

በማግስቱ ጠዋት እማማ የዝና እንቁላሉን በቅቤ ጠብሰው ትርንጎ ፊት አቀረቡ። አንገቷን ደፋች። በእኛ ዘንድ ያቀረበው ሰው ካልቀመሰ የቀረበለት አይበላም። ዕድሜ ልካቸውን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ያልሻሩት ሴት አማተቡ፣ ከዳር ቆረሱና ጎረሱ።

«ይኸው ቀመስሁልሽ። በይ አሁን ብይ።»

ትርንጎ እያለቀሰች በላች። እኔም አለቀስሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የልጅቱ ጉንጭ ሞላ፣ ሚዛኑም ተንቀሳቀሰ። በአንዱ ቅዳሜ ስደርስ እማማ የዝና ደጅ ላይ ይሰግዳሉ። ለካ ንስሐ ገብተው አባ ስግደት ሰጥተዋቸው ኖሯል።

«ለአንዲት ጉርሻ? በሞቴ እኔ ልስገድልዎ!» አልኋቸው።

ጉልበታቸውን እያሹ ቀና አሉ። «የለም መምህር። ቅባቱ ለልጅቱ፣ ስግደቱ ለእኔ። እርስዎ የዚያን የገንፎውን ይስገዱ።»

ለካስ እኔ የተረፈውን ገንፎ እየጎረስሁ በሩን ስጠብቅ፣ እርሳቸው ጓዳ ውስጥ ሆነው ያዩኝ ነበር።