አገሯ ያልታወቀ ሽጉጥ

እኛ የድሬ ሰዎች እንግዳ ሲመጣብን ገና ሳይቀመጥ «የየት ሰፈር ነህ?» እንላለን። ክፋት የለውም። ከዚራ ነኝ ካለ አንድ የጋራ ዘመድ፣ ሳቢያን ነኝ ካለ ደግሞ አንድ የጋራ ባላንጣ እናገኝለታለን። ችግሩ ይህን አመላችንን ዕቃ ላይም መሞከራችን ነው።

በቀደም ከሰዓት በኋላ ጫታችንን ይዘን በተቀመጥንበት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች በነጠላቸው የጠቀለሏትን ሽጉጥ ይዘው ገቡ። የባቡር ጥበቃ የነበሩት ባለቤታቸው አርባ ገና መውጣቱ ነው። ያገኟት ቁም ሳጥኑ ላይ፣ የልጅ ልጃቸው ከሚተኛበት ራስጌ ነው። ለፖሊስ ሊያስረክቧት ፈልገው፣ እንዲህ እንዳለች ይዘዋት መንገድ መውጣቱን ፈሩ።

«ጥይት ይኑርባት አይኑርባት እዩልኝ» አሉን።

እኛ ምን አልን መሰላችሁ? «የየት አገር ናት?»

ወታደር የነበረው ግርማ ገልበጥ አድርጎ አየና የሩሲያ ናት አለ፤ ድሮ ታጥቋታል። ወዲያው የሩሲያዋ ያልነበራትን የቃታ መቆለፊያ ጎኗ ላይ አየና መልሶ ገለበጣት። ባለሱቁ አሊዪ ተቀበለው። «ወላሂ የግብፅ ናት፣ አጎቴ ነበረው» አለ። እኔ የተማርኩት ደግሞ ስልኬን ከፈትኩ፤ ከፍቼም ባሰብኝ። ለካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሃንጋሪዎች የሩሲያን ንድፍ ወስደው፣ የጀርመን ጥይት እንድትጎርስ አድርገው፣ ለግብፅ ብለው መቆለፊያ ጨምረው የሠሯት ናት። የሩሲያው ንድፍ ራሱ ደግሞ ከአሜሪካኖች ብዙ ተበድሯል። ታዲያ የማን ትባል? ግማሾቻችን በአባት ትቆጠር አልን፣ ግማሾቻችን በተወለደችበት። አሊዪ በአማርኛ የጀመረውን ክርክር በሶማሊኛ ተናደደበት። ሽጉጧ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር አፈሙዟ ስንቴ ወደ ሆዴ እንደዞረ እንኳ ልብ አላልኩም፤ ጭንቅላቴ ቡዳፔስት ነበር።

እማማ ዘነበች እንደቆሙ ናቸው። ተቀመጡ ያላቸው የለም።

በመጨረሻ ግርማ የውስጧን አሠራር ሊያሳየን የጥይት ካዝናዋን አወጣ። ባዶ። ወደ ክርክራችን ልንመለስ ስንል የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበው። አንዲት ጥይት ተፈናጥራ ምንጣፉ ላይ አረፈች። አፈርኩ፣ ፈራሁም። አሊዪ በየትኛውም ቋንቋ አልተናገረም።

ሁላችንም ተነስተን አጅበናቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ፖሊስ ሽጉጧን ተቀብሎ አገላበጣት፤ ግራ ገባው።

«የየት አገር ናት?» አለ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት እማማ ዘነበች ቀደሙኝ።

«አሁን ባዶ ናት» አሉት።