ከብቱን ሳይጠይቅ የማይመልሰው ቦት

በምድር ላይ ሥራውን የጨረሰ የኮምፒዩተር ሰው የለም። በየከተማው «አልቋል፤ ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው የቀረው» የሚል አንድ አይጠፋም። የቡራዩው ክቡር ኦቦ ጂሬኛ ናቸው፦ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ የሠፈራችን የቻት ክፍል መሥራች፣ ሊቀመንበርና ብቸኛ ጥገና ሠራተኛ።

በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱን በየሳምንቱ ሲዘጋው ኦቦ ጂሬኛ ሁንዴን ሠሩ። ሁንዴ ሰው አይደለም፤ ፐርል በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ፣ ቻት ክፍላችን ውስጥ ተቀምጦ ለጠየቀው ሁሉ በራሱ የሚመልስ ቦት ነው። «መንገዱ ክፍት ነው?» ብትለው ሌሎች የጻፉለትን ይነግርሃል። «እገሌን አይተሃል?» ብትለው ሰውየው መቼ እንደገባና ምን እንዳለ ይነግርሃል። ይህ ሁሉ ግን ሰላምታውን ከጨረስክ በኋላ ነው።

«አከም ጅርታ? ነጋ? ማቲን ፈያ? ልጆች እንዴት ናቸው? ከብቱስ?»

በኦሮምኛ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ደህና ነው ይልና ልጆችንና ከብቱን ያስከትላል፤ አንዱን ከዘለልክ እንደገና ከ«አከም ጅርታ» ይጀምራል። ስንት ጠዋት፣ ታክሲው ጥሎኝ ሊሄድ ሲል፣ ስለሌለኝ ከብት ጤንነት ስጽፍ ቆሜያለሁ!

«ኦቦ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይቺን ሰላምታ ያጥፉልን» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ሰላም ሳይል ወሬ የሚጠይቅ የማን ልጅ ነው?»

ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ «እሺ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በሄድኩ ቁጥር የሁንዴ ፋይል ተከፍቶ፣ እሳቸው ስክሪኑ ላይ ተደፍተው አገኛቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ምልክት ጎድላ ሁንዴ አልነሳም ብሎ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልጓት እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሰላምታውስ? «አልቋል፤ ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው የቀረው።»

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሞባይል ኔትወርክ ጠፋ። ሰበታ ረብሻ አለ ተባለ። ባለቤቴ ማሪቱ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ኦቦ ጂሬኛ ቤት ሮጥኩ፤ የእሳቸው ባለገመድ ኢንተርኔት አልተቋረጠም ነበር። ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

«ማሪቱን አይተሃል?» ብዬ ጻፍኩ።

«አከም ጅርታ?» አለኝ ሁንዴ።

ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። መለስኩለት፦ ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ ከብቱም ደህና።

«ማሪቱ 7፡40 ላይ ገብታ ነበር» አለ ሁንዴ። «ማቲን ፈያ? ስላት፦ እኔ ደህና ነኝ፣ በቢሮ ኮምፒዩተር ነው የምጽፈው፤ መንገድ ስለተዘጋ ሁላችንም ግቢ ውስጥ እናድራለን። ልጆች? ስላት፦ ጎረቤት ናቸው፣ አባታቸው ይውሰዳቸው። ከብቱስ? ስላት፦ ከብት የለኝም፤ ባሌን ግን ምሳህን ብላ በሉልኝ።»

ምሳ አልበላሁም ነበር። አለቀስኩ። ኦቦ ጂሬኛ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ።

በማግስቱ ማሪቱ በሰላም ገባች። እሳቸውም ቃላቸውን አክብረው መጡ። «ሰላምታውን ዛሬ ላጥፋው?»

«ኦቦ፣ እንዳይነኩት!»

እስከ ዛሬ ሁንዴ ሲጠይቀኝ አንድም ሳልዘል እመልሳለሁ። በእሱ መዝገብ ሁለት በሬና አንዲት ጊደር አሉኝ፤ ሁሉም ደህና ናቸው።