ለፓርኩ ሁለት ሰዓት ይበቃል ብዬ ነበር

ዛሬ ቦሌ ያለ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ በማይክሮፎን ተጠርቻለሁ። በሙሉ ስሜ፣ ከነዕድሜዬ፣ ከነሆዴ ሁኔታ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። እዚያው ፓርክ ውስጥ አንድ ከቢሮ የማውቃት ልጅ አይቻለሁ። እሷም አይታኛለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ቤዛ እባላለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው (ከዛሬ በኋላ መደበቅ አይቻልም)። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከሰባት ዓመቷ ልጄ ከኤልዳና ጋር እኖራለሁ። ከተፋታሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል።

የምሠራው መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። የሰው ዕቃ ከወደብ ተነስቶ መቼ አዲስ አበባ እንደሚገባ አስልቼ የምናገረው እኔ ነኝ። ሰዓት ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

አባዬ ዓይኑን ሊታይ ከደብረ ሲና ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ዕድሜ ልኩን ድሬሰር ነበር፤ የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ መርፌ ሲወጋ፣ ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው። አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ግን እሱ ፊት ማስነጠስ አይቻልም። ወዲያው ግንባራችሁን ይዳብሳል።

ከሥራ አሥር ደቂቃ ከዘገየሁ ከብሎኩ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

"የት ነበርሽ?" ይላል።

ቁጣ የለበትም። እኔ ግን ወዲያው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ታክሲ ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘጋግቶ እያልኩ መቀባጠር እጀምራለሁ። በእውነት ታክሲ የጠፋ ቀን እንኳን የምዋሽ ይመስለኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዮናስ የሚባል ሰው አለ።

ዮናስ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከአራት ወር በፊት የቢሯችን ሊፍት ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል ይዞኝ ሲቀር በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። እስኪከፍት ድረስ በክፍተቱ በኩል ያወራኝ ነበር። "አይዞሽ፣ አይወርድም። ቢወርድም ቀስ ብሎ ነው" አለኝ። እንዲህ የማያጽናና ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ እየተገናኘን ማኪያቶ እንጠጣለን።

አባዬ ከመጣ ግን አንዴም አልተያየንም። ለአባቴ ሰው አለኝ ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ? ስፋታ ደውዬ የነገርኩት ቀን ስለ ፍቺው አንድ ቃል አልተናገረም። "ልጅቷ ደህና ናት?" ብሎ ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ነበረች ያወራችኝ። እሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩን አንስቶት አያውቅም። ተቀይሞኛል ብዬ ደምድሜ ቁጭ አልኩ።

በዚህ መሃል ኤልዳና ቦሌ ያለው መዝናኛ ፓርክ ካልወሰድሽኝ ብላ ነዘነዘችኝ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፓርኩ ውስጥ ካፌ አለ።

ፕሮግራሙን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። አራት ሰዓት መግባት። እስከ አምስት ጨዋታ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ከነወረፋው። ከአምስት እስከ አምስት ተኩል ዮናስ። ከዚያ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ውልቅ ብሎ ወደ አራብሳ።

የልጆች ፓርክ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ምን ይሠራል?

እንግዲህ ያላሰላሁት ነገር አባዬ ነው።

አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በየጨዋታው በር ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ጮክ ብሎ። "የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ ኦፕሬሽን ያደረገ..." ከዚያ ኦፕሬተሩን ጠርቶ "እስካሁን ራሱን የሳተ ሰው አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ከኋላችን የተሰለፉት እናቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ግን እነሱም መልሱን ለመስማት ጠጋ ጠጋ አሉ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆይተን ኤልዳና የተጫወተችው አንድ ጨዋታ ነው።

አምስት ሰዓት ሲሆን ለትንሿ ባቡር ወረፋ ይዘን ነበር። ዮናስ ደርሷል። በካፌው በር ሲገባ አይቼዋለሁ።

"አባዬ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ።"

"ሂጂ። ቦርሳሽን ስጪኝ፣ እዚያ መሬት ላይ አታስቀምጪው።"

ሰጠሁት። ስልኬ ቦርሳው ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ካፌው ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት አይደል፣ ምን ይመጣል አልኩ።

ዮናስ ኬክ አዝዞ ጠበቀኝ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ሁለት ሳምንት ያላየሁትን ፊት ሳየው ሰዓት የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ፤ እጄ ላይ ሰዓት የለኝ፣ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ። ስለ ሥራው አወራን፣ ስለ እናቱ ጉልበት አወራን። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠና "ቤዛ፣ ልጅሽ እዚህ ግቢ ውስጥ ናት አይደል? አባትሽም። እኔ ግን እዚህ ተደብቄ ነው የተቀመጥኩት። እስከ መቼ ነው እንደዚህ የምንሆነው?" አለኝ።

ከመልሱ በፊት አንድ ትልቅ የኬክ ጉርሻ ጎረስኩ።

ያኔ ነው የፓርኩ ሙዚቃ የቆመው።

"ውድ እንግዶቻችን፣ ቤዛ ተሰማ የምትባል፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት የሆነ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች እናት ከሽንት ቤት ሳትመለስ አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው። አባቷና ልጇ ትኬት መቁረጫው ጋ እየጠበቋት ነው።"

ሹራቤን አየሁ። አረንጓዴ ነው።

ዮናስም ሹራቤን አየ።

"ሴቶች ሽንት ቤት አካባቢ ያላችሁ እህቶች፣ እባካችሁ በየበሩ እያንኳኳችሁ ተባበሩን።" ተናጋሪው ከማይክሮፎኑ ዞር አለ። ከኋላ የሆነ ሰው ሲነግረው ይሰማል። "አባቷ የጤና ባለሙያ ስለሆኑ ሆዷን አሟት ከሆነ እንዳታፍር ብለዋል።"

ካፌው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሳቀ። አስተናጋጇ ሳትቀር። ከዚያ አንድ በአንድ ሹራቤን ማየት ጀመሩ።

ዮናስ አልሳቀም። ከንፈሩን ነክሶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ "ሆድሽን... ደህና ነሽ አይደል?" አለኝ። እንዴት አድርጎ ሳቁን እንደያዘ እስካሁን ይገርመኛል።

"እዚሁ ቁጭ በል፣ እንዳትከተለኝ" ብዬው ተነስቼ ሮጥኩ።

እየሮጥኩ ውሸት አዘጋጀሁ። ወረፋ ነበር፣ ውሃ ጠፍቶ ነበር፣ በሩ ተቆልፎብኝ ነበር። የመጨረሻው ጥሩ ነበር። አንዴ ሊፍት ይዞኝ ስለሚያውቅ ዕድሌ ነው ይባላል።

ትኬት መቁረጫው ጋ ስደርስ አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። በአንድ እጁ ኤልዳናን፣ በሌላው ቦርሳዬን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል።

"በሩ ተቆልፎብኝ..." ብዬ ጀመርኩ።

ኤልዳና ቀና ብላ አየችኝ። "እማዬ፣ አፍሽ ላይ ክሬም አለ።"

አፌን ጠረግኩ። ነበረ።

አባዬ ክሬሙን አየ፣ እኔን አየ። ሄዶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኤልዳና ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "አባባ አለቀሰ እኮ" አለችኝ። "ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስምሽን ሲጠራ ሴቶቹ አይገባም አሉት። ከዚያ አለቀሰ።"

እዚህ ጋ ነው መቀለድ ያቃተኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። "አባዬ፣ ዋሸሁህ። ሽንት ቤት አልነበርኩም። ካፌ ውስጥ ነበርኩ፣ ከአንድ ሰው ጋር።"

"ወንድ ነው?"

"አዎ።"

"ባለትዳር ነው?"

"አይደለም። አግብቶም አያውቅም።"

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያሽከረክረው ጀመር። "ስንት ሰው ሽንት ቤት ገብቶ ወድቆ ሞቶ አይቻለሁ መሰለሽ በሥራዬ? በዚህ ዕድሜሽ፣ ብቻሽን፣ ስልክሽ እኔ ጋ። ምን ልበል?"

"ይቅርታ አባዬ።"

"ሰው ማግኘትሽ አይደለም። እኔን ፈርተሽ ነው የተደበቅሽው?"

አዎ ለማለት አፈርኩ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

"ለምን?"

"ስፋታ ምንም አላልከኝም። ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት። አንድም ቀን ሳታነሳው ቀረህ። የተቀየምከኝ መስሎኝ።"

ባቡሯ ሁለቴ ዞራ አለፈችን።

"ያን ቀን ድምፄ ተዘጋብኝ እኮ" አለ። "ልጄ ብቻዋን ከተማ ውስጥ ሕፃን ይዛ ቀረች ስባል፣ ምን እንደሚባል አላውቅም። ለቁስል መድኃኒት አውቃለሁ፣ ለዚህ አላውቅም። እናትሽ ትችልበታለች ብዬ ሰጠኋት። በኋላ ላነሳው ስል ደግሞ፣ እንዳላስታውስሽ ብዬ ተውኩት።"

ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ተቀይሞኛል፣ እሱ እንዳላስታውሳት እያልን ኖረናል ማለት ነው። የሰው ኮንቴይነር የት ደረሰ ብዬ በየቀኑ አሥር ቦታ እደውላለሁ። ለአባቴ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፣ እሱንም በማይክሮፎን ካስጠራኝ በኋላ።

አልቅሻለሁ፣ አልዋሻችሁም። ኤልዳና በሹራቧ እጅጌ ፊቴን ጠረገችልኝ። ያቺ የማውቃት ልጅ ያየችኝ እዚህ ጋ ነው።

አባዬ ባርኔጣውን ደፋ። "ሰውየው የታለ?"

"ካፌ።"

"ጥለሽው መጣሽ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ይሄ? ሂጂ ጥሪው።"

መሄድ አላስፈለገኝም። እንዳትከተለኝ ያልኩት ሰው ከፋንዲሻ መሸጫው ጎን ቆሟል፣ የቀረውን ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ። መጥቶ ጎንበስ ብሎ አባዬን ጨበጠው። "ዮናስ እባላለሁ። እንደምን ዋሉ አባቴ? ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አባዬ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ማስጠንቀቂያዎቹን እንዳነበባቸው አድርጎ ማለት ነው።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሊፍት እጠግናለሁ።"

አባዬ ሰው የሚቀመጥባቸው ሳጥኖች ተንጠልጥለውበት ከጀርባችን ወደሚዞረው ትልቁ ጎማ ቀና አለ። "እንግዲያው ይሄን ታውቀዋለህ። ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል?"

ዮናስ ደህና አድርጎ አየው። የኬብሉን፣ የሞተሩን፣ የፍሬኑን ነገር አንድ በአንድ አስረዳው። ሲጨርስ "አይወድቅም አባቴ። ቢቆምም ላይ ነው የሚቆመው" አለው።

ይሄ ሰው ማጽናናት አይችልበትም ብያችኋለሁ። አባዬ ግን ወደደው። "እንውጣበታ" አለ።

እነሱ አንዱ ሳጥን ውስጥ፣ እኔና ኤልዳና ከኋላቸው። አየር ማረፊያው፣ ቡልቡላ፣ ገና ያላለቁት ሕንፃዎች፣ ሁሉም ይታያል። እኔ የማየው ግን ከፊታችን ያለውን ባርኔጣ ነው። ይነቀነቃል። ምን እያወሩ እንደሆነ አይሰማም። አንዴ ባርኔጣው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ልቤም አብሮ ቆመ። ከዚያ የዮናስ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሲወርዱ "ምን አለህ?" ብዬ ዮናስን ያዝኩት።

"የወንዶች ጉዳይ ነው" አለኝ።

አባዬ ትልቁ ጎማ ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቷል። እርስ በርስ ከሚጋጩት የመጫወቻ መኪኖች አንዷን ነድቷል። ኤልዳናን አንድ ጊዜ ገጭቶ ወርዶ ግንባሯን ዳብሷል፣ ጨዋታው እየተካሄደ። ከፓርኩ የወጣነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ እሱም ኤልዳና ቆማ መተኛት ስለጀመረች።

አሁን ቤት ነን። አባዬ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሬዲዮ እየሰማ ነው። ቅድም ሳልጠይቀው "ልጁ ለነገ ምሳ ይምጣ ብዬዋለሁ፣ ሽሮ ይበቃዋል" አለኝ። እኔ ቤት፣ እኔ ሳልሰማ ሰው ተጋብዟል።

እንግዲህ ለመዝናኛ ፓርክ ስንት ሰዓት ይበቃል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ የትራንዚት ባለሙያዋ ምክር ይኸው፦ ለጨዋታው ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከአባታችሁ ጋር ከሆነ ደግሞ ያልተነጋገራችሁበትን ዓመት ቁጠሩና ጨምሩበት።

እኔ ግን አንድ ነገር ጨንቆኛል። ነገ ምሳ ላይ በመሃል በእውነት ሽንት ቤት መሄድ ቢያስፈልገኝ፣ ማን ያምነኛል?