የተቀረቀረው ቫንና የአቶ ነጋ ወገብ

ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2001 ዓ.ም. የዳላስና ፎርት ወርዝ በጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ጥድ ደን ውስጥ፣ አሸዋ ላይ በተቀረቀረ ቫን አጠገብ አስቸኳይ ስብሰባ አድርጓል። ከሰባቱ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። የቀሩት ሁለቱ ሮውሌት ከተማ፣ አልጋቸው ውስጥ መሆናቸውን በስልክ አረጋግጠዋል።

የተገኙ፦ ወ/ሮ ሰብለወርቅ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ነጋ (በዕድሜ አንጋፋው)፣ ገመቹ (የኤርፖርት ሹፌር)፣ ዙሌይካ (የዴንተን ተማሪ)፣ ነጃት (ጸሐፊ)።

አጀንዳ 1፦ የቫኑ መቀርቀር

ሰብሳቢዋ ቫኑ ለምን ከመንገድ እንደወጣ ጠየቁ። ገመቹ መንገዱ ነው ከቫኑ የወጣው ሲል አስረዳ። ዙሌይካ «ሶ፣ ከጎማው ትንሽ አየር ብናወጣስ?» ብትልም ገመቹ አየር የሚሞላ እንጂ የሚያስተነፍስ ሹፌር አለመሆኑን ገለጸ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁሉም እንዲገፋ ተወሰነ። አቶ ነጋ በወገባቸው ምክንያት ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ተገፋ፤ ቫኑ ይበልጥ ሰመጠ። የጎማው አየር ተቀነሰ፤ ቫኑ ወጣ። ገመቹ ግፊቱ ዘግይቶ መሥራቱ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርለት ጠይቆ ሰፍሯል።

አጀንዳ 2፦ ማደር ወይስ መመለስ

ሰብሳቢዋ በመስከረሙ አውሎ ነፋስ በወደቁት ዛፎች ምትክ ችግኝ ለመትከልና በድንኳን ለማደር ለደኑ ጽሕፈት ቤት ቃል መገባቱን አስታወሱ። ገመቹ ድንኳኑ መጥቶ ማቆሚያ ብረቱ ግሬፕቫይን ከተማ መቅረቱን አመነ። አቶ ነጋ «ቤት እያለኝ መሬት ላይ የምተኛው ምን በድዬ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ዙሌይካ «ጋሽ ነጋ፣ ማለቴ፣ ካምፕ ማድረግ ፈን ነው እኮ፣ ያዝናናል» አለች። አቶ ነጋ ፈኑን ለእሷ ተዉላት። ከረጅም ውይይት በኋላ አሁኑኑ እንዲመለሱ፣ ኮሚቴው ከእንግዲህ ከአስፋልት እንዳይወጣ፣ አቶ ነጋም ጎንበስ ከሚያሰኝ ሥራ ሁሉ ነፃ እንዲሆኑ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ተቃዋሚዋ ዙሌይካ እንባዋ ዓይኗ ውስጥ በገባ አሸዋ ምክንያት መሆኑን ተናግራለች።

አጀንዳ 3፦ ችግኞቹን ለደኑ ጽሕፈት ቤት መመለስ

ችግኞቹ ተመልሰው ቫኑ ላይ ሲጫኑ አቶ ነጋ አንዷን እንዲይዙ ተሰጣቸው። ሥሯን አዩና «ይቺማ እዚያ ሳትደርስ ትደርቃለች» ብለው ተንበርክከው ተከሏት። ሰብሳቢዋ እንሂድ ቢሏቸው «ቆዩ እንጂ፣ ብቻዋን ልተዋት?» በማለት አጠገቧ ሌላ ተከሉ። ሦስተኛዋን ዙሌይካ አቀበለቻቸው። ገመቹ ሞተር አስነሥቶ ጠበቀ። በኋላ አጠፋውና አካፋ ይዞ ወረደ።

ልዩ ልዩ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ከላይ የወሰነውን ሁሉ ሽሮ፣ ቫኑ ውስጥ ሊያድር ተስማምቶ ተበተነ። አቶ ነጋ ድምፅ እንዲሰጡ ሲጠየቁ ቀና ሳይሉ «ወሬውን ተዉና ችግኝ አምጡልኝ!» ብለዋል። እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል።