የታመሙ በጎች ጥየቃ

አገራችን እንግዳ አክባሪ ናት ይባላል። ሐሰት ነው አልልም፤ ግን እንግዳ ፈሪም ናት። ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል ከተባለ የመንገድ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ይቀባል፣ ዓመት ሙሉ ያልተጠረገ ግቢ ይጠረጋል፣ ለማኙም ለአንድ ቀን ይሰወራል። እናንተስ ብትሆኑ? እንግዳ ሲያንኳኳ የውጭውን በር ከመክፈታችሁ በፊት የመኝታ ቤቱን በር ትዘጋላችሁ። ምን እንዳለበት እኔ አልጠየቅኋችሁም።

እኔማ ይህን ጠባይ ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው የሠራሁበት። ከአምቦ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ባጭሩ ደግ ደጉን መናገር ነበር፤ ስለ ሌላው ከተጠየቅሁ ደግሞ «በሂደት ላይ ነው» ማለት።

ድርጅቱ በዚያ ሰሞን የጉበት ትል መድኃኒት እየሞከረ ነበር። የአካባቢያችንን የደንዲን ረግረግ የሚያውቅ ሰው የጉበት ትልን ያውቃል። ክረምት ወጥቶ ረግረጉ ሲለመልም በጉ እስኪጠግብ ይግጣል፤ ከዚያ ይከሳል፣ መንጋጋው ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ ይሞታል። ሙከራውን የምትመራው ዶክተር ሌንሳ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት። የጊንጪ ገበሬ ልጅ ስለሆነች የአባቷ በጎች በዚሁ በሽታ ሲያልቁ እያየች ነው ያደገችው። መድኃኒቱ እንዲሠራ ከእሷ በላይ የጓጓ ሰው አልነበረም።

ታዲያ የመድኃኒት ሙከራ በምኞት አይሆንም፤ የታመመ በግ ይፈልጋል። ገሚሶቹ መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ ገሚሶቹ ልዩነቱ እንዲታወቅ ሳይታከሙ ይቆያሉ። በመጨረሻም አንዳንዶቹ ታርደው ጉበታቸው ይታያል። ድርጅታችን ይህን ለማንም አልተናገረም። ያልተነገረ ነገር ደግሞ አምቦ ላይ በባጃጅ ተሳፍሮ ይዞራል። መጀመሪያ «በጎቹን ያሠቃያሉ» ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላ «በቁማቸው ይበልቷቸዋል» ሆነ።

ይኼኔ ኦቦ ገመቹ ተነሡ። ኦቦ ገመቹ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ አስተምረዋል፣ የቀረውን ገሥጸዋል። እኔ ሁለቱም ደርሶኛል። ተማሪዎች አስተባብረው «ለማይናገሩት እንናገር» የሚል ወረቀት በየስልክ እንጨቱ ለጠፉ። ቀጥለው ወረዳው ዘንድ ገብተው አቤት አሉ። ወረዳውም ነዋሪው ግቢውን አይቶ ካልተቀበለው ሙከራው እንዲቆም ወሰነ። ዶክተር ሌንሳ ያን ሰሞን ምሳ እንኳ አይበላላትም ነበር።

ድርጅቱ ምን አደረገ? ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው አጥሩን አስቀባ፣ የታመሙትን በጎች ጓሮ ባለው ቤት ቆለፈባቸው፣ ከጎረቤት ገበሬ የሰቡ በጎች ተውሶ ፊት ለፊት ባለው በረት አስገባ። ሐሳቡ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የኮሚቴ ሐሳብ አባት የለውም። ዶክተር ሌንሳ «ይሄ ነገር አያዋጣም» ብትል «አንቺ ሳይንሱን ያዢ» ተባለች።

ነዋሪው ግቢውን በሚያይበት ቀን እንግዶቹ፣ ኦቦ ገመቹና የከተማው ሽማግሌዎች፣ መጡ፤ ሥራ አስኪያጃችንም ንግግር ጀመሩ፤ ስለ ግልጽነት። ንግግሩ ስለረዘመ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ዋናውን በር ወለል አድርገን ከፍተነዋል፤ በረቱም ለፎቶ እንዲመች አልተዘጋም። ሥራ አስኪያጁ «ከሕዝብ የምንደብቀው አንዳች…» እንዳሉ አንዲት ወፍራም በግ ከበረቱ ወጣች፤ በእንግዶቹ መሐል ረጋ ብላ አለፈች፤ በዋናው በር ወጥታም መንገዷን ያዘች። ሌሎቹም ተከተሏት። ዘበኛው «ኸረ መልሷት!» እያለ ሮጠ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ተጋብተው ቆመው ሳሉ ጎረቤታችን ገበሬ ከኋላ እጁን አወጣ።

«የኔ ናቸው፣ ጌታዬ። የመግቢያ ሰዓታቸው ደርሶ ነው።»

የተሳቀውን ሳቅ አትጠይቁኝ። ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም። «የታመሙትስ?» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ዶክተር ሌንሳ በጎቹን ትቶ ከተመለሰው ዘበኛ እጅ ቁልፉን ተቀበለች። «ኦቦ ገመቹ፣ ኮታ» አለች በኦሮምኛ፤ «ይምጡ፣ ሁላችሁም ኑ» ብላ የጓሮውን ቤት ከፈተችው። መንጋጋቸው ያበጠ፣ አጥንታቸው የሚቆጠር በጎች ብርሃኑን ሽሽት ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«እነዚህ መድኃኒት አይሰጣቸውም» አለች፤ ምክንያቱንም እስከ ማረዱ ድረስ ነገረቻቸው።

«ይሠቃያሉ?»

«አዎ፣ ይሠቃያሉ። ሲብስባቸው ስቃያቸው እንዳይረዝም አደርጋለሁ። ግን ይሠቃያሉ።»

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ መድኃኒት ፈላጊዎቹ ደበቅን። አፍረን ነው።»

እኔ በዚያች ሰዓት ኮራሁ። በድርጅቱ አይደለም፤ በእሷ ኮራሁ፣ ሳይፈሩ በጠየቁት ሽማግሌም ኮራሁ። እንዲህ የሚጠይቅና እንዲህ የሚመልስ ሰው ያላት ከተማ የኔ ናት።

ሽማግሌዎቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው መከሩ። ውሳኔውን የተናገሩት ኦቦ ገመቹ ናቸው። «ሙከራው ይቀጥል። ነገር ግን በእኛ አገር የታመመ አይደበቅም፤ ይጠየቃል።» በዚህም በየገበያው ቀን በሩ እንዲከፈትና የፈለገ ሁሉ የታመሙትን በጎች እንዲጠይቅ ተደረገ።

ቀልድ መስሎን ነበር። ሰዉ መጣ! ከጊንጪ መጣ፤ ከሐሮ ወንጪ ሳይቀር መጣ። በሽተኛ ደግሞ ባዶ እጅ አይጠየቅምና አንዱ ጨው፣ አንዱ ፉርሽካ ይዞ ይመጣል፤ ሙከራው እንዳይበላሽ ዘበኛው የጠያቂ ቦርሳ ይፈትሽ ጀመር። አንዲት አሮጊት በጉ ፊት ጎንበስ ብለው «ዋቅኒ ሲ ሃ ፈዪሱ፣ እግዜር ይማርህ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በግ ሲታረድም ቆመው ያያሉ፤ የታከመውንና ያልታከመውን ጉበት ጎን ለጎን ያያሉ። ሌላው ድርጅት ስለ ግልጽነቱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት መጽሔት ያሳትም። እኛ ጠያቂ እናስተናግዳለን።

ኦቦ ገመቹ አንድም ገበያ አልቀሩም። አንድ ቅዳሜ ሰዉ ሁሉ ሲሄድ እሳቸው ቀሩ። ሌላ ወቀሳ ሊያመጡብን ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ልጄ» አሏት ዶክተር ሌንሳን፣ «የዚህን በግ ሕመም ምን እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ እንደማይድንም ጭምር ነገርሽን።»

«አዎ፣ ኦቦ ገመቹ።»

«እኔም ታምሜአለሁ። ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ተመላለስኩ። ሐኪሙ ልጆቼን ለብቻ አስገብቶ በር ይዘጋል። ሲወጡ ‹ምንም አይደለም፣ አባ› እያሉ ይስቁልኛል። አብረሽኝ ሂጂና ጠይቂልኝ።»

«እኔ እኮ የበግ ሐኪም ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

«እሱን አውቄ ነው የመጣሁት» አሉ።

ሰኞ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ አብረው ሄዱ።